ኮምፕሬሰሩን የገደለው ማን ነው? በአየር የምትቆም አንዲት መኪና የጥገና ታሪክ

ይህን የምጽፈው ጋራዥ ውስጥ ለሚሠሩ ልጆችም፣ እንዲህ ዓይነት መኪና ለያዙ ሰዎችም ነው። ባለቤቱ ጉዳዩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። የሳቸውን ስም፣ የመኪናዋን ስሪትና የጋራዦቹን ማንነት ትቼዋለሁ። የሆነው ነገር በየሰፈሩ የሚደገም ስለሆነ ስም መጥራቱ ለማንም አይጠቅምም።

ነገሩ ባጭሩ ይሄ ነው። መኪናዋ የምትቆምበትን አየር የሚያመርተው ኮምፕሬሰር ተቃጠለ። አዲስ ተገዛ። አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ተቃጠለ። ሁለቱንም የገደለው ሌላ ቦታ የነበረ፣ ጥፍር የማታህል ስንጥቅ ናት። ስንጥቋን ደግሞ ለወራት ከሰው ዓይን የሰወራት የመኪናዋ የራሷ ኮምፒውተር ነው። እንድጽፍ ያነሳሳኝም ይሄ የመጨረሻው ነው።

## መኪናዋና ባለቤቷ

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መኪናዋ አውሮፓ ሠራሽ፣ ባለ ሰባት ወንበር፣ በአራቱም ጎማ የምትነዳ ናፍጣ ነች። ዕድሜዋ ከአስር ዓመት አልፏል። አዲስ አበባ ውስጥ በኮብልስቶን ላይ ትውላለች፤ አንዳንዴ ቤተሰብ ጭና ደብረ ብርሃን ትሄዳለች።

«ሽጠው ይገላገሏት» ያላቸው ሰው ብዙ ነው። ግን ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ እሷን ሸጦ እሷን የመሰለች ማስመጣት የለም፣ እዚሁ ካለው አሮጌ መሃል መምረጥ ነው። ያለችውን ማቆየት ይሻላል ብለው ወሰኑ። ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። አሁን ከተማው ውስጥ ያሉት መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ስለሆነ፣ በትክክል መመርመር መቻል ከበፊቱ የበለጠ ዋጋ አለው።

## ከሥሯ ያለው ነገር እንዴት ይሠራል

አብዛኛው መኪና በሞላ ወይም በባሊስትራ ላይ ይቆማል። ይቺ ግን በአንዱም እግሯ ላይ ብረት ሞላ የላትም። በምትኩ ወፍራም የጎማ ፊኛ አለ። ውስጡ የታመቀ አየር ነው፣ ክብደቷን የሚሸከመውም ያ አየር ነው። ይህ አሠራር የአየር ሰስፔንሽን ይባላል። ፊኛው በክር የተጠናከረ ጎማ ነው። ታችኛው ጫፉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ እግሩ ሲወጣና ሲወርድም እጥፋቱ አብሮ ይንከባለላል። የዚህን ታሪክ ጥፋተኛ ያገኘነው እዚያ እጥፋት ውስጥ ነው።

አየሩን የሚያመርተው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ነው። ከሱ ቀጥሎ እርጥበት የሚመጥ ፍሬ የተሞላበት ማድረቂያ አለ። እርጥብ አየር ከገባ ቫልቮቹን እያበላሸ ይሄዳል፣ ብርድ አገር ከሆነ ደግሞ በረዶ ሆኖ ይዘጋቸዋል። ማድረቂያው ራሱን የሚያድስበት መንገድ በጣም ደስ ይለኛል፤ መኪናዋ ዝቅ ስትል ከፊኛዎቹ የሚወጣው ደረቅ አየር በዚያው በማድረቂያው በኩል ተመልሶ ያልፍና የተጠራቀመውን እርጥበት ይዞት ወደ ውጭ ይወጣል። ከማድረቂያው ቀጥሎ የአየር ማጠራቀሚያ አለ። ከዚያ በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ቫልቮች ይመጣሉ፣ ለየእግሩ አንዳንድ። መብራት ካልደረሳቸው ዝግ ናቸው። ፊኛው ውስጥ ያለው ግፊት እንደ ጭነቱ ይለያያል፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ባር ነው። ተራ ጎማ ሁለት ባር ተኩል ገደማ እንደሚነፋ ካሰባችሁ ይሄ ትንሽ ግፊት አይደለም።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ። በየእግሩ አንድ የከፍታ ሴንሰር አለ፣ በቀጭን ዘንግ ከእግሩ ክንድ ጋር የተያያዘ። ኮምፒውተሩ በዋናነት የሚከታተለው ከፍታን ነው። ግራ ፊት ዝቅ ብሏል የሚል ምልክት ሲደርሰው የዚያን እግር ቫልቭ ይከፍትና አየር ይጨምራል፣ ከፍ ካለ ያስወጣል። መንገድ ላይ እያንዳንዱ ጉድጓድ ሴንሰሩን ያወዛውዘዋል፤ ለሁሉም መልስ ልስጥ ቢል ኮምፕሬሰሩ እረፍት አያገኝም ነበር፣ ስለዚህ አማካዩን ይዞ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ለውጡ የምር መሆኑን ሲያረጋግጥ ነው የሚያስተካክለው። ፍጥነት ሲጨምር መኪናዋን ትንሽ ዝቅ ያደርጋታል፣ ነፋስ እንዳይይዛትና እንድትረጋ። መንገዱ ሲከፋ ሾፌሩ ማብሪያ ይጫንና 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ከኋላ ሰውና ዕቃ ቢሞላም ቂጧ አይወርድም። በር ከተከፈተ ደግሞ ሰው እየወጣ ወይም እየገባ ነው ብሎ ሥራውን ያቆማል።

አንድ ነገር ግን አለ፣ ስንት ባለሙያ እንኳ የማያውቀው። እንደዚህች ያሉ አንዳንድ መኪናዎች ተቆልፈው ቆመው ሳለም ኮምፒውተሩ በየተወሰነ ሰዓት ይነቃል። አራቱን ከፍታ ያያል። አንዱ እግር ወርዶ ካገኘው ባትሪ እንዳይጨርስ ኮምፕሬሰሩን አያስነሳም። በምትኩ ከሌሎቹ ሦስት እግሮች አየር ያስወጣና ሁሉንም በወረደው እግር ልክ ያደርጋቸዋል። ዓላማው መኪናዋ ዘንበል ብላ እንዳታድር ነው። ውጤቱ ግን አንድ እግር ሲያፈስ ጠዋት የሚታየው አራት እግር የወረደ መኪና መሆኑ ነው።

## ችግሩ እንዴት ጀመረ

መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ዝቅ ብላ ያገኟት ነበር። ሲያስነሷት ኮምፕሬሰሩ ያጉረመርማል፣ መኪናዋም ቀስ ብላ ትነሳለች። እየቆየ ጊዜው ረዘመ። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት መጣ፣ ጠፋ፣ ደግሞ መጣ። አንድ ጠዋት ጭራሽ አልነሳ አለች፣ ፓራፋንጎዋ ጎማው ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም።

ባለቤቱ በየጋራዡ የሚጠየቁት ተመሳሳይ ጥያቄ ነበር። «በየትኛው በኩል ነው የምትወርደው?» እሳቸውም ያዩትን በእውነት ይመልሳሉ። «አራቱም እኩል ነው።» ይህን የሰማ ባለሙያ ሁሉ ወደ አንድ ሐሳብ ይሄዳል። አራቱም እኩል ከወረደ ችግሩ ለአራቱም የጋራ የሆነው ኮምፕሬሰር ነው ይላል። አባባሉ ሲሰሙት ምክንያታዊ ነው። ኮምፒውተሩ ሌሊት የሠራውን ካላወቁ ሌላ ነገር ማሰብ ይከብዳል።

## ያልሠሩት መፍትሔዎች

የመጀመሪያው ጋራዥ መኪናዋን በመመርመሪያ ማሽን አስነበበ። የወጣው ኮድ ግፊቱ በሚጠበቅበት ጊዜ ውስጥ አልሞላም የሚል ነበር። ልብ በሉ፣ ኮዱ ኮምፕሬሰሩ ሞቷል አላለም። አየሩ አልበቃም ነው ያለው። አየር የማይበቃው ወይ የሚያመርተው ሲደክም ነው፣ ወይ የተመረተው ሲፈስ። ጋራዡ ሁለተኛውን ሳያይ የመጀመሪያውን ወሰደ። ኮምፕሬሰር በዘመድ ከዱባይ መጣ፣ ርካሽ ቅጂ። ተገጠመ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ተነሳች፣ ሁሉም ደስ አለው።

ደስታው አልቆየም። እንደገና ጠዋት ጠዋት ትወርድ ጀመር። በዚህ መሃል ሌላ ባለሙያ ስትነዳ ግራ ፊቷ ትንሽ ዝቅ ማለቱን አየና የዚያን እግር ሴንሰር ዘንግ በማሳጠር አስተካከለው። ይሄ በጣም የተለመደ ዘዴ ነው። ሴንሰሩ ውሸት ሲነገረው ኮምፒውተሩ እግሩ ከልክ በላይ የወረደ ይመስለዋል፣ ስለዚህ አየር ይጨምራል፣ መኪናዋም ለዓይን ትስተካከላለች። ግን የምታፈሰውን እግር የበለጠ ሞላት ማለት ነው፣ ኮምፕሬሰሩም የበለጠ ሠራ። በተጨማሪ የፊት መብራቶቹ ራሳቸውን የሚያስተካክሉት ከዚሁ ሴንሰር በሚመጣ መረጃ ነው። ማታ ሲነዱ ከፊት የሚመጣው መኪና ሁሉ ለምን መብራት እንደሚያበራባቸው ባለቤቱ አልገባቸውም ነበር፤ ለካ የሳቸው መብራት ሰው ዓይን ውስጥ እየገባ ነው።

ከዚያ አንድ ጠዋት ባትሪው ሞቶ ተገኘ። የኮምፕሬሰሩ ሪሌይ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝለትና የሚቆርጥለት ማብሪያ፣ ውስጡ ተጣብቆ ቀርቷል። ኮምፕሬሰር ሲነሳ ብዙ አምፔር ይስባል፤ በተደጋጋሚ ሲነሳና ሲቆም የሪሌዩ መገናኛ እየተቃጠለ በመጨረሻ ብየዳ እንደተበየደ ይይዛል። ኮምፒውተሩ አቁም ቢልም የሚሰማው የለም። ኮምፕሬሰሩ ቁልፉ ወጥቶ ሳለ ሲሠራ አድሮ ራሱንም ባትሪውንም ጨረሰ። የመጀመሪያው ኮምፕሬሰር ሲቀየር ያ ጥቂት ብር የሚያወጣ ሪሌይ አብሮ ቢቀየር ኖሮ ቢያንስ ይሄኛው አይመጣም ነበር።

ስንጥቁ ከተገኘ በኋላም (እንዴት እንደተገኘ ወደታች እመጣበታለሁ) ገንዘብ ለማዳን ሁለት ነገር ተሞክሯል። አንዱ ስንጥቁን እንደ ጎማ መለጠፍ ነበር። ቆማ ሳለ ያዘ፣ ስትነዳ ለቀቀ። ያ ቦታ በየጉድጓዱ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ስለሆነ ልጣፍ አይቀበልም። ሌላው ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ፊኛ መግዛት ነው። ሲነፋ ወዲያው ፈሰሰ። ሶማሌ ተራ ብዙ ነገር በርካሽ አግኝተንበታል፣ ለብረት ነገር እዚያ መሄድ አያስቆጭም፤ ጎማ ግን በዕድሜ ነው የሚሞተው፣ ከአንድ ዘመን መኪና የወጣ ፊኛ ከናንተው ፊኛ ጋር እኩያ ነው።

## ሞላ ይግባላት?

ወደኛ ጋራዥ ከመምጣቷ በፊት የመጨረሻው ምክር ይሄ ነበር። አየሩን አውጥቶ ብረት ሞላ መግጠም፣ መገላገል። ምክሩ አዲስ አይደለም። ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1957 በኤልዶራዶ ብሮሃም ላይ የአየር ሰስፔንሽን ሲገጥም እየፈሰሰ ስላስቸገረ ብዙ ባለቤቶች በብረት ሞላ ቀይረውታል። ያኔ ከፍታውን የሚቆጣጠረው መካኒካል ቫልቭ ነበር። ኮምፒውተር የገባበት ኋላ ነው፤ ሊንከን እ.ኤ.አ. የ1984 ሞዴሉ ማርክ 7 ላይ በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠረውን አቀረበ፣ መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ኤርማቲክን በኤስ ክላስ አመጣ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በጣም ተሻሽሏል፣ የጎማው እርጅና ግን አልቀረም።

እኔ ሞላ መግጠምን አልቃወምም። መመርመሪያ ማሽን በሌለበት፣ መለዋወጫ በማይደርስበት ገጠር ለሚሠራ ሰው ትክክለኛ ውሳኔ ሊሆን ይችላል። ግን የሚያጣውን አውቆ ይሁን። ከፍታ መቀየር ይቀራል፣ ጭነት ሲበዛ ኋላዋ ይወርዳል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት ኮምፒውተሩ ካልታለለ ወይም ፕሮግራሙ ካልተነካ አይጠፋም። የምቃወመው ሌላ ነገር ነው። ችግሩ ምን እንደሆነ ስላልታወቀ ብቻ መኪናን መለወጥ። ባለቤቱም «ልጄ፣ ምን እንደሆነች ንገረኝና ከዚያ እወስናለሁ» ነው ያሉት። «ጋሼ፣ እንግዲያው ሦስተኛ ኮምፕሬሰር አሁን እንዳይገዙ» አልናቸው።

## ምርመራው

ዘዴው ቀላል ነበር፣ ገንዘብም አልጠየቀም። ኮምፕሬሰሩ ስለሞተ አየሩን ከጋራዡ ትልቅ ኮምፕሬሰር በማድረቂያ አሳልፈን አራቱንም እግር ሞላን። ከዚያ የሰስፔንሽኑን ፊውዝ ነቀልን። ዋናው ነገር ይሄ ነው። ፊውዙ ከተነቀለ ኮምፒውተሩ ሌሊት ነቅቶ ሌሎቹን እግሮች አያወርድም፣ እያንዳንዱ እግር የራሱን እውነት ይናገራል። ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለካን፣ አራቱንም ወረቀት ላይ ጻፍን፣ መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አሳደርናት።

ጠዋት ግራ ፊት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዷል። ሌሎቹ ሦስቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር ያነሰ፣ እሱም እኩል በእኩል። ይህቺ ትንሽ መውረድ ብዙ ሰው ታስደነግጣለች፣ ግን አየር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀን ሞቃት ሌሊት ብርድ ስለሆነ ጤነኛ ፊኛም ጠዋት ጥቂት ሚሊ ሜትር ይወርዳል። አራቱም እኩል እስከሆነ ድረስ አያሳስብም።

ቀጥሎ የሳሙና ውሃ። መጋጠሚያዎቹንና ቫልቮቹን ቀባን፣ አረፋ የለም። ፊኛውን ቀባን፣ አሁንም የለም። መኪናዋን ወደ ከፍተኛው ከፍታ አነሳን፣ ከሥር ካቫሌቶ (መደገፊያ ብረት) አስገባን፣ ያ ታች ያለው እጥፋት ተዘረጋና እንደገና ቀባን። አረፋው ወዲያው ፈላ። በተለመደው ከፍታ ስንጥቁ እጥፋቱ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ አየር ያፈሳል ግን አይታይም። እጥፋቱ ውስጥ የደረቀ ጭቃና አቧራ ተጠራቅሞ ነበር። እግሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጎማውን እንደ አሸዋ ወረቀት ሲሞርደው ኖሯል።

ኮምፕሬሰሮቹ ለምን ቶሎ ሞቱ ለሚለው አንድ የኛ አገር ምክንያት ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ኮምፕሬሰሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በዚያው ልክ ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ያንኑ ፊኛ ለመሙላት ባሕር ዳርቻ ካለ እኩያው የበለጠ መሥራት አለበት። ረጅም ሥራ ሙቀት ነው፣ ሙቀት ደግሞ የፒስተኑን ቀለበት ይበላል። በዚህ ላይ ፍሳሽ ሲጨመርበት በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ሆነ። ማድረቂያውም ከአቅሙ በላይ እርጥብ አየር ስላለፈበት ጠግቦ ነበር፤ ስንከፍተው ፍሬው ተጣብቆ ወጣ።

## የተሠራው

ሁለቱም የፊት ፊኛዎች በአዲስ ተተኩ። ቀኙ ገና አላፈሰሰም ነበር፣ ግን ዕድሜውና የዋለበት መንገድ አንድ ነው። ኮምፕሬሰሩ ደህና በሚባል ዓይነት ከነማድረቂያው ተቀየረ። ሪሌዩ ተቀየረ። የሴንሰሩ ዘንግ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ከዚያም አራቱን ከፍታ በሜትር ለክተን ቁጥሩን በማሽን ለኮምፒውተሩ ነገርነው፣ እውነተኛው ልክ ይሄ ነው ብለን። የፊት መብራቶቹ በዚያው ተስተካከሉ። የፊውዙን ፈተና ደገምነው፣ አራቱም እኩል አደሩ።

ለሁለቱ ኮምፕሬሰሮች የወጣው ገንዘብ ሁለቱን ፊኛ ገዝቶ ይተርፍ ነበር። ይህን ስናሰላ ባለቤቱ ዝም አሉ፣ እኛም የምንለው አልነበረንም።

የኋላዎቹ ፊኛዎች የቀድሞዎቹ ናቸው። ደህና ናቸው፣ ግን ተራቸው እንደሚደርስ ለባለቤቱ ነግረናቸዋል። አሁን ወር በገባ ቁጥር የአራቱን እግር ከፍታ ለክተው ደብተር ላይ ይጽፋሉ፣ መኪናዋ ስትታጠብም እጥፋቱ በውሃ እንዲጸዳ ያደርጋሉ።

## ለሌላ መኪና የሚተርፈው

የአየር ሰስፔንሽን ባለው በማንኛውም መኪና ላይ ኮምፕሬሰር ሲሞት መጀመሪያ የሚጠየቀው ለምን ብዙ ሠራ የሚለው ነው። ፍሳሹ ሳይገኝ ኮምፕሬሰር አይገዛ። ፍሳሽ ፍለጋውም ፊውዝ በመንቀልና በሜትር ይጀመር፣ ምክንያቱም መኪናዋ ባላት ኃይል ሁሉ ጉድለቷን ለመሸፈን የተሠራች ናት። ኮምፒውተር ባለበት ነገር ሁሉ የማየው ይሄን ነው፤ ማሽኑ ያካካሰው ጉድለት እስኪብስ ድረስ አይታይም፣ ሲታይም ሌላ ቦታ ነው። ኮድ ሲነበብ ደግሞ ኮዱ ያለውን ብቻ እንስማ። ሴንሰርን በማታለል ማስተካከልን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፣ በፍጹም አይደረግ። በማታ መንገድ ላይ ለማታውቁት ሰው ዓይን ተጠያቂ ትሆናላችሁ።

ይህ እውቀት ከናፍጣ መኪና ጋር አብሮ አይጠፋም። መርሴዲስ ኢኪውኤስና ቴስላ ሞዴል ኤስን የመሳሰሉ የኤሌክትሪክ መኪናዎችም በአየር ነው የሚቆሙት።

ጎሚስታ ለሆናችሁ ደግሞ አንድ አደራ። እንዲህ ያለ መኪና በክሪክ ከመነሳቱ በፊት ሰስፔንሽኑ መዘጋት አለበት። ጎማው አየር ላይ ሲንጠለጠል ኮምፒውተሩ እግሩ ከፍ ያለ ይመስለውና አየሩን ሊያስወጣ ይችላል። ክሪኩ ሲወርድ መኪናዋ ባዶ ፊኛ ላይ ትወድቃለች፣ ፊኛው ያለቦታው ይታጠፍና ይቀደዳል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ እጅ ወይም ራስ በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ሳለ መውረዷ ነው። በአየር ብቻ የቆመች መኪና ሥር ማንም አይግባ፣ ካቫሌቶ ይግባላት። ብዙዎቹ መኪናዎች ለክሪክ ጊዜ ሰስፔንሽኑን የሚዘጋ ማብሪያ ወይም ሜኑ አላቸው፤ የት እንዳለ ካላወቃችሁት የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ፣ ጎማ ስለመቀየር በሚለው ክፍል ታገኙታላችሁ።